ሥጋውን ያልቀመሰው ሰላይ

በያጁ ሥራ ከፈታ ወዲህ ለእሱ ሥራ መፈለግ የቤተሰቡ ሁሉ ሥራ ሆኗል። ዕድሜውን ሙሉ በር፣ መስኮትና አጥር ሲበይድ ኖሮ፣ የዓይን ሐኪሙ አንድ ቀን በትንሽ ባትሪ አየት አየት አደረገውና፣ «ያንን ብርሃን ከእንግዲህ ካየህ፣ ሌላ የምታየው ነገር አይኖርህም» አለው። እንዲህ ያለ ንግግር የሚፈቀደው ለሐኪም ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ቢናገረው ጠብ ነው። በያጁ ወርክሾፑን ዘጋ፣ ጥቁሩን መነጽር ምስማር ላይ ሰቀለ፣ ቤቱ ገባ። ቤት ውስጥ ደግሞ ሚስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ከአማቱ፣ ከእናቷ ጋር ይፋጠጣሉ። አማቱ የቴሌቪዥን ድራማ ይወዳሉ፤ ማን ምን እንደሆነ ግን አይያዝላቸውም። «ይቺ ደግሞ የማን ናት?» ይላሉ። በያጁ ለማያውቃት ሴትዮ ዘር ማንዘር ሲፈልግ ይውላል።

በዚህ መሀል የሚስቱ ወንድም መላ ይዞ መጣ። ይህ ሰው የሙሽራ ልብስ ያከራያል። ሱቁ መስታወት ውስጥ ሙሉ ልብስ ለብሶ የሚቆመው አሻንጉሊት ክንዱ ወልቆበት ተቸግሯል።

«ቁመናህ ያምራል» አለው በያጁን፣ ከላይ እስከ ታች በዓይኑ እየለካው። «ክራቫት አስረህ ሱቄ በር ላይ ቆም ማለት ብቻ ነው። መናገር የለብህ፣ መንቀሳቀስ የለብህ። አሁንስ ቁጭ ብለህ አይደል የምትውለው? እዚያ ቆመህ ትውላለህ።»

ሰውየው በቅንነት ነው የተናገረው፤ የሚያናድደውም እሱ ነበር። ለበያጁ፣ ብረት ሲያጎብጥ የኖረ ክንዱ፣ የወለቀ የአሻንጉሊት ክንድ ምትክ ሲሆን ታየው። ያኔ ነው ሳያስበው፣ «እኔ እኮ ጥብስ ቤት ልከፍት ነው» ያለው።

ነገሩ ጨርሶ ከሰማይ ዱብ ያለ አልነበረም። ወርክሾፑን ሲዘጋ የተረፈውን ላሜራና ቱቦላሬ ብረት ሁሉ ግቢው ውስጥ አራግፎ፣ ሐኪሙን ከድቶ፣ የሚስቱን ቁጣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ፣ «የመጨረሻዬ ናት» እያለ አንድ ትልቅ የከሰል ምድጃ በይዶ ነበር። ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ግን ራሱም አያውቅም። አሁን አወቀ።

ሚስቱ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ናት። ቀኑን ሙሉ በትንሽ የመስኮት ቀዳዳ ሰው ስታናግር ስለምትውል፣ ቤቷ ገብታም ነገር አታንዛዛም።

«መታጠፊያው ላይ ሲባጎ የሚሉት ሰው አለ» አለችው። «ሰው ሁሉ ጥብስ የሚበላው እሱ ጋ ነው። ሂድና አጥናው። እንደምትበልጠው ካሳመንከኝ ክፈት። ካላሳመንከኝ ግን ዛሬ ነገ ሳትል የወንድሜን ክራቫት ታስራለህ።»

«እስማማለሁ» አለ በያጁ። ቀኑን ሁሉ ወርክሾፕ ሲውል ስለኖረ ሲባጎን አይቶት አያውቅም፤ ገና ሳያየው ግን ንቆታል።

ሲባጎ ሲባጎ የተባለው ሰውነቱ ክር ስለሚያህል ነው። ቀን ከቀን ሥጋ ሲያገላብጥ የሚውል ሰው እንዲህ መክሳቱ ለሠፈሩ ሁሉ እንቆቅልሽ ነው። ቤቱ አንዲት ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ በጭስ ጠቁሯል። ወንበሮቹ በሩን አልፈው እግረኛ መንገዱ ላይ ወጥተዋል፤ ከላያቸው የተወጠረው ሸራም የሰው መተላለፊያ ይዟል። ምድጃው ከመሀሉ የተጎመደ በርሜል ነው።

የበያጁ ሐሳብ እንደ ማንም ደንበኛ ገብቶ መቀመጥ ነበር። ግን የበርሜሉን እግር አየ። እግሩ የተያያዘው በሽቦ ነው። በሽቦ! አንድን በያጅ በሽቦ የታሰረ እግር እያየህ ዝም ብለህ ተቀመጥ ማለት ግፍ ነው። ከጆሮው እርሳሱን፣ ከኪሱ ሜትሩን አወጣ። የበርሜሉን ከፍታ ለካ። ፍርግርጉ ከፍሙ ምን ያህል እንደሚርቅ ለካ። ጎንበስ ብሎ ከሥር አየና ራሱን ነቀነቀ። ከበርሜሉ እስከ መንገዱ ጠርዝ ያለውንም ለካ፤ ለምን እንደለካው አይጠየቅም፣ ሜትሩ ስለደረሰለት ነው። የሸራውን ቋሚ እንጨት በጣቱ ገፋ አደረገውና እንደገና ራሱን ነቀነቀ።

ሲባጎ ሹካው በእጁ እንዳለ ድርቅ ብሎ ያየዋል።

«ጌታዬ… ይቀመጡ እንጂ። ትንሽ ነገር ላቅርብልዎት።»

«አመሰግናለሁ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አለ በያጁ።

«ውሃ እንኳ?»

«ግድ የለም። ይሄን በርሜል ማን ነው የሠራው?»

«እ… እኔው ነኝ።»

«ያስታውቃል» ብሎ በያጁ ሜትሩን ጠቀለለና ሄደ።

ቤቱ ሲገባ ፊቱ በርቶ ነበር። ራት ላይ ሚስቱንና አማቱን አስቀምጦ ያየውን ዘረገፈው። ላሜራው ስስ ነው። አየር ማስገቢያው በተሳሳተ ጎን ነው የተበሳው። ጭሱ ወደ ላይ መውጣት ሲገባው ደንበኛው ፊት ላይ ይተኛል። ስለ ሽቦው ሲያወራ ድምፁ ተንቀጠቀጠ።

«ይሄ ሰውዬ ከእኔ ጋር አይወዳደርም» አለ ሲጨርስ። «አብቅቶለታል።»

«ሥጋውስ?» አለች ሚስቱ።

«የምን ሥጋ?»

አማቱ እንኳ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ላይ ነቀሉ።

«የሚጠብሰው ሥጋ» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ፣ የሚሄድበት ከተማ ስም ለጠፋበት መንገደኛ እንደምታስረዳው። «ሰው የሚገዛው። በአፍ የሚገባው።»

ሥጋው ለበያጁ ትዝም አላለውም ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ጥብስ ቤት ልክፈት ካለ ጀምሮ ስለ ሥጋ አንዴም አስቦ አያውቅም ነበር።

«ነገ እማማን ይዘህ ትሄዳለህ» አለች ሚስቱ፣ ሳህኖቹን እየሰበሰበች።

እዚህ ላይ ስለ አማቱ ምላስ ማወቅ ያስፈልጋል። እኒህ ሴትዮ ምግብ ላይ ምሕረት የላቸውም። የትም ቢጋበዙ ጎረስ ጎረስ አድርገው ሳህኑን ገፋ ያደርጉና «እንጃ» ይላሉ። እሳቸው «እንጃ» ካሉ ይግባኝ የለም። ልጃቸው ያበሰለችውን እንኳ ጨርሰው አያውቁም፤ ልጅየውም ተስፋ ከቆረጠች ቆይታለች። እንግዲህ የሲባጎ ሥጋ «እንጃ» ከተባለ በያጁ ዳነ ማለት ነው።

በማግስቱ አማቱ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ትልቁን ቦርሳቸውን አንጠልጥለው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ወጡ። ሲባጎ ሁለቱን ከሩቅ አያቸው። ትናንት በርሜሉን የለካው ሰውዬ ዛሬ አለቃውን ይዞ መጣ!

አማቱ ወንበሩን በመሐረባቸው ጠረጉ። ጠረጴዛውን ጠረጉ። ሹካውን ወደ ብርሃን አንስተው አዩና እሱንም ጠረጉ።

«እጅህን የምትታጠበው የት ነው?» አሉት ሲባጎን።

አሳያቸው።

«ሳሙናውስ?»

ሮጦ አመጣላቸው። አሸተቱት።

«ሥጋውን ከየት ነው የምታመጣው?»

ሲባጎ የተጠየቀውንም ያልተጠየቀውንም ተናዘዘ፤ ከየትኛው ሥጋ ቤት እንደሚገዛ፣ የትኛውን ብልት እንደሚመርጥ፣ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት ዘፍዝፎ እንደሚያሳድረው፣ ጨው ግን ከእሳት ሲወርድ ብቻ እንደሚነሰንስ። አንድ ተፎካካሪ ዓመት ቢሰልል የማያገኘውን ምስጢር ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። በያጁ አንዱንም አልያዘም፤ የበሩን ማጠፊያ እያየ ነበር።

ሥጋው ቀረበ። አማቱ ጎረሱ። በያጁ «እንጃ»ን ጠበቀ። አማቱ ደግመው ጎረሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። በኋላ ለሚስቱ ሲነግራት ማመን ያቃታት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። አማቱ ሳህኑን ጨረሱ። አጥንቱን አነሱ። አጥንቱንም ጨረሱት ማለት ይቻላል። ግራ ቀኝ አይተው ጣታቸውን ላሱና፣ «ድገመኝ» አሉ።

በያጁ ራሱ የቀመሰው ያኔ ነው። ጎረሰ፤ ገባው። የሚስቱ ወንድም ክራቫት አንገቱ ላይ ሲጠብቅ ተሰማው።

ሲባጎ እጁን እያሻሸ ወደ ጥግ ሳበው። «ጌታዬ፣ ቤተሰብ አለኝ» አለው በሹክሹክታ። «ወንበሮቹን ዛሬውኑ አስገባለሁ። ሸራውንም አጥፈዋለሁ። ብቻ እባክዎ ቤቱን አያሽጉብኝ። እውነቱን ይንገሩኝና ልረፍ፤ ይዘጋል ወይስ አይዘጋም?»

ሰውየው ምን እንደሚያወራ ለበያጁ መጀመሪያ አልገባውም። ቀስ እያለ ገባው። ሜትሩ፣ እርሳሱ፣ «ሥራ ላይ ነኝ» ማለቱ፣ የአማቱ መሐረብ፤ ሰውየው ፊቱ የቆመ የመሰለው ከመሥሪያ ቤት የተላከ ተቆጣጣሪ ነው። እዚህ ላይ ጨዋ ሰው «የለም፣ ተሳስተሃል» ይላል። በያጁም ጨዋ ሰው ነው። ግን አፉን ሲከፍት የሙሽራ ልብስ ቤቱ በር ታየው፤ ራሱ እዚያ በር ላይ ተገትሮ፣ ዝንብ አፍንጫው ላይ አርፋ፣ እሽ ማለት ተከልክሎ ታየው።

«እናያለን» አለ።

በነጋታው አማቱ ድራማቸውን ትተው ምሳቸውን ሊበሉ ወደ ሲባጎ ሄዱ። ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሯል።

«ዘግቶታል!» አሉ፣ ቦርሳቸውን ሶፋው ላይ ወርውረው። «ወንበር የለ፣ ሸራ የለ፣ በሩ ላይ ቁልፍ ብቻ! ዕድሜዬን ሙሉ ስፈልገው የኖርኩትን ምግብ ባገኘሁ ማግስት! ምን ብለኸው ነው?»

በያጁ ጉዱን አወጣ። ሰውየው ምን እንደመሰለው፣ እሱም ምን ብሎ እንደመለሰለት ነገራቸው።

«‹እናያለን›!» አሉ አማቱ ደረታቸውን ይዘው። «ከመሥሪያ ቤት ሰው አፍ ሲወጣ እኮ መርዶ ነው! እኔ ለጡረታዬ ስመላለስ ‹እናያለን› ያለኝ ልጅ ራሱ ጡረታ ወጣ! ተነስ፣ ሂድና ክፈተው!»

ባይሉትም መሄዱ አልቀረም ነበር። በልቡ አንድ ጥግ «አሸነፍኩ» ለማለት የቃጣው ነገር ነበር፤ ነገር ግን ያ ቀጭን ሰው የገዛ ወንበሩን ተሸክሞ ሲያስገባ ታየውና ራሱን ጠላ። በያጁን ከሥራው ያስነሳው እኮ ቢያንስ ሐኪም ነበር።

ሲባጎን በጓሮ በር በኩል ገብቶ አገኘው። ሹካዎቹን በጋዜጣ እየጠቀለለ ካርቶን ውስጥ ይከታል።

«ጌታዬ!» ብሎ ብድግ አለ ሲባጎ። «ዘግቻለሁ እኮ፣ ይመልከቱ…»

«ጌታዬ አትበለኝ። በያጅ ነኝ።»

«ምን?»

«ተቆጣጣሪ አይደለሁም። ሥራ የፈታሁ በያጅ ነኝ። እሳቸውም አለቃዬ አይደሉም፣ አማቴ ናቸው። እሺ፣ አለቃዬም ናቸው። ጥብስ ቤት ልከፍት አስቤ ልሰልልህ ነው የመጣሁት። ስትሳሳት እያየሁ አፌን ያዝኩ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ሲባጎ ሹካዎቹን ለቀቃቸው። «እርስዎ» ማለቱም እዚያው ላይ አበቃ።

«አንተ!» አለ። «አንተ ሰውዬ! ጨጓራዬን ላጥከው እኮ! ሚስቴ ወደ እናቷ ቤት ልንገባ ነው ብላ ሻንጣ እየሸከፈች ነው!»

«ልክ ነህ።»

«እኔ አማትህን ሳሙና አስሸትቻለሁ!»

«እሱም ልክ ነህ።»

ሲባጎ በንዴት ሊንጎራደድ ሞከረ፤ ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች መንጎራደዱ እዚያው ላይ መሽከርከር ሆነበት። ሲደክመው ቆመ።

«ቆይ እስቲ። ለመሆኑ ጥብስ ትችላለህ?»

«ምድጃ አለኝ» አለ በያጁ።

«ጥብስ ትችላለህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«ና እይ።»

ሲባጎ ዘፍዝፎ ያሳደረው ሥጋ ሊበላሽበት ነበርና ድስቱን አንጠልጥሎ ተከተለው። ግቢው ውስጥ ምድጃውን ሲያይ ድስቱ ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ባለ ክዳን ነው፣ ባለ ጎማ ነው፣ ረጅም ጭስ ማውጫ አለው። በግራና በቀኝ ሰፋፊ የብረት ጠረጴዛ እንደ ክንፍ ተዘርግቶለታል። ፍርግርጉ በመዘውር ከፍ ዝቅ ይላል። ሲባጎ ዞረው፣ ዳሰሰው፣ መዘውሩን አዞረ። «ወይ ጉድ» አለ፣ ሕፃን የተኛበት ክፍል የገባ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

በያጁ ከሰሉን አቀጣጠለ። በዚህ በኩል እንከን አይወጣለትም፤ ፍሙ ከዳር እስከ ዳር እኩል ቀላ፣ የተረፈች ጭስም ካለች በማውጫዋ አድርጋ ሄደች። ከዚያ ሥጋውን ጣለበት፤ ነገር የተበላሸውም ያኔ ነው። መቼ እንደሚገለበጥ አያውቅም። ብረት እስኪግል እንደሚጠብቅ እጁን አጣምሮ ቆመ።

ሲባጎ ጎረሰ። አኘከ። ቆሞ አኘከ፣ ተቀምጦም አኘከ። አማቱ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ፍርዱን ይጠባበቃሉ።

«ምድጃው» አለ ሲባጎ በመጨረሻ፣ «ምድጃው በጣም ያምራል።»

«የጠየቅኩህ ሥጋውን ነው።»

«ሥጋውን ባንነካካው ይሻል ነበር። ግን ካልክ፣ ይሄ ነገር ቢበየድ ይይዛል።»

በያጁ የከሰሉ ጆንያ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «አልችልም ማለት ነው» አለ። «ዓይኔን አጣሁ፤ እጄም ለዚህ አልሆነም። አሻንጉሊት ሆኜ ልቀር ነው።»

የአሻንጉሊቱ ነገር ለሲባጎ አልገባውም። የሰውየው ድምፅ መሰበሩን ግን ሰማ፤ የተረፈችው ንዴቱም እዚያው ተነነች።

«ስማኝ» አለው። «እኔ ሥጋ አውቃለሁ እንጂ እሳት አላውቅም። ከዚያ በርሜል ጋር ስታገል ነው የከሳሁት። እንባዬ እየወረደ ሲያየኝ፣ አዲስ ደንበኛ ሁሉ ‹ማን ሞተብህ?› ይለኛል። ይሄን ነገር ወደ እኔ ቤት እንግፋው። እሳቱ ያንተ፣ ሥጋው የእኔ።»

በያጁ ቀና አለ። «አሁን?»

«አሁን ነዋ!»

«እሳቱን ላጥፋው?»

«ለምን ብለህ? መታጠፊያው ድረስ እኮ ነው።»

ሲባጎ ከፊት ጎተተ፣ በያጁ ከኋላ ገፋ። ምድጃው ጭስ ማውጫውን ቀጥ አድርጎ ግቢውን አቋረጠ፣ በሩ ላይ ደረሰ፣ ግማሽ አካሉን ወደ መንገዱ አወጣ። ከዚያ «ቋ!» ብሎ ቆመ። ክንፎቹ የበሩን መቃን ነክሰዋል። ወደ ፊት ሲሉት እምቢ፣ ወደ ኋላ ሲሉት እምቢ። በያጁ ሜትሩን አወጣ። በሩን ለካ። ክንፎቹን ለካ። የሰው በርሜል ከመንገድ ጠርዝ ምን ያህል እንደሚርቅ የለካ ሰው፣ የገዛ ግቢውን በር አንድ ቀን ሳይለካ ነበር ያንን ሁሉ ብረት የበየደው።

«ክንፉን ቁረጠዋ!» አለ ሲባጎ ከመንገዱ።

«ሐኪሙ ከልክሎኛል!» አለ በያጁ ከግቢው።

«ሌላ በያጅ እንጥራ!»

«የኔን ሥራ ሌላ በያጅ ሊቆርጠው? ሞቼ ነው ቆሜ!»

ተፋጠጡ። በመሀላቸው ፍሙ ቀልቶ ተኝቷል፤ ድስቱም ክንፉ ላይ ተቀምጧል። ሲባጎ እንዲህ ያለ እሳት ሥራ ፈትቶ ሲያይ ክንዱ በላው። «እስኪወሰን ድረስ» አለና አንድ ሁለት ቁራጭ ጣለ። ሽታው መንገዱን ይዞ ሄደ። ከታች አንድ ሰውዬ እያሸተተ መጣ።

«እንዴ ሲባጎ! ዘጋህ ብዬ ሳዝን ነበር። ለካ እዚህ ነው የተዛወርከው!»

ሲባጎ መልስ ሳይሰጥ ሌላ ሰው መጣ። ከዚያ ሌሎች መጡ።

የበያጁ ሚስት ከሥራዋ ስትመለስ ያገኘችው በሯ ላይ የተሰበሰበ ሕዝብ ነው። «ማን ሞተ?» ብላ እየሮጠች ደረሰች። ማንም አልሞተም። የሚገቡበት በር ግን በምድጃ ተወትፏል። ሲባጎ እያገላበጠ ከዚህኛው በኩል አስረዳት፤ ባሏ ከዚያኛው በኩል እየተንተባተበ አስረዳት፤ እናቷ ከግቢው ውስጥ ባዶ ሳህን በአጥሩ ላይ ብቅ አድርገው፣ «ለእኔ በዚህ አቀብለኝ!» ይላሉ።

«እኔስ ቤቴ በየት ነው የምገባው?» አለች ሚስቱ።

ኋላ ከጎረቤት መሰላል ተለምኖ በአጥሩ ዘልቃለች፤ ቤተሰቡም እስከዛሬ መግቢያ መውጪያው መሰላሉ ነው። ለጊዜው ግን ሰው መገፋፋት ጀመረ፤ እሷ ደግሞ ሲገፋፉ ማየት አትችልም።

«ተራ!» ብላ ጮኸች። «ተራ ያዙ! አንተ ባለ ኮፍያ፣ ወደ ኋላ! መጨረሻው ማን ነው?»

ሰው ሁሉ ቀጥ አለ። ሰልፉ መስመር ሲይዝላት ጎንበስ ብላ ከክንፉ ሥር ባለችው ክፍተት ባሏን አየችው። በያጁ እጅጌውን ሰብስቦ፣ እስከ ጆሮው ከሰል ተቀብቶ፣ መዘውሩን በአንድ እጁ ይዞ ፍሙን ያስተካክላል።

«ምን ትገተራለህ?» አለችው። «ከሰል ጨምር! ሰው ቆሟል እኮ!»

በያጁ ከሰል ጨመረ። ወርክሾፑን ከዘጋ ወዲህ ያገኘው ሰው ሁሉ «አይዞህ፣ ቁጭ በል» ሲለው ነበር፤ ሥራ ያዘዘው ግን አንድም ሰው አልነበረም። ዓይኑ እንባ ሞላ። ጭሱ ነው እንዳይል፣ ምድጃው አይጨስም።